አስቸኳይ፦ የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ «ዋንደሪንግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሌሊት ፈረቃዬ ይጀምራል። የምንከባከባቸው የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት ሴት ዕቅድ ላይ «ዋንደሪንግ» ከሚለው ጎን «አዎ»፣ «ኤሎፕመንት» ከሚለው ጎን «አይደለም» ተብሎ ምልክት ተደርጓል። ልጃቸው ደግሞ «ወደ ማታ ሐሳባቸው ዋንደር ያደርጋል» የሚል መልእክት ልካልኛለች። መዝገበ ቃላቱ ተንከራተተ፣ ባዘነ፣ ተቅበዘበዘ ይላል። ቤት ንብረት ያላቸው ሴት ለምን ይንከራተታሉ? ጠዋት ሪፖርት ስጽፍስ በዚህ ቃል ልጠቀም?

የቋንቋ መምህር
እህቴ፣ «ተንከራተተ» መከራና ስደት አለበት፤ እንግሊዝኛው ግን የግድ መከራን አይጨምርም። ዋናው ፍቺው ያለ ዓላማ፣ መድረሻ ሳይወስኑ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። እግር፣ ዓይን፣ ሐሳብ፣ ወሬ፣ ጠመዝማዛ ወንዝም ሳይቀር ዋንደር ያደርጋል ይባላል። ልጃቸው ስለ ሐሳብ የጻፈችው «ሐሳባቸው ይበተናል» ማለት እንጂ ስለ መራመድ አይደለም። ተከታዩን ቃል ደግሞ ልብ ይበሉ፦ «አራውንድ» ሲከተለው እዚያው አካባቢ መዘዋወር፣ «ኦፍ» ሲከተለው ከቦታው ወይም ከሰዎች ተለይቶ መሄድ፣ «ኢንቱ» ሲከተለው ሳያስቡት አንድ ቦታ መግባት ነው። የጀርመንኛው ዘመዱ «ቫንደርን» በአንጻሩ አስቦበት በእግር መጓዝን ያመለክታል። ፕላኔት የሚለው ቃልም በግሪክኛ «ዘዋሪ» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን...

የበር ደወል
መምህር፣ ሰዓቷ እየሄደ ነው! እህቴ፣ የውጭው በር ላይ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ይኑር። ከሌለ ልጃቸው ታስገጥም።

ሁለት ልጆች ያሉኝ
የእኔ ባለቤት የገበያ ማዕከል ሲገባ በሁለቱም ሳጥን «አዎ» ነው። ይልቅ አዛውንቷ በሌሊት ሲነሱ ምን እንደሚፈልጉ ልጃቸውን አሁኑኑ ደውለሽ ጠይቂ። እኔ የምንከባከባቸው አባት የሚነሡት መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ነበር። የኮሪደሩን መብራት አብርተን፣ በሩን ከፍተን ብናሳያቸው መለስ ብለው ይተኛሉ።

ነርስ (ቨርጂኒያ)
በመምህሩ ፍቺ ላይ ልከራከር። «ያለ ዓላማ» የሚለው ፍቺ ለመርሳት በሽታ አይሠራም። ሽንት፣ ረሀብ፣ ሕመም፣ የድሮ ሥራ ሰዓት፣ የሞተች እናት ፍለጋ፣ ሁሉም ዓላማ ነው። እኛ ስላላወቅነው ነው ዓላማ የሌለው የሚመስለን። የአልዛይመር ማኅበር የመርሳት በሽታ ካለባቸው ከ10 ሰዎች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ እንደሚሄዱ ይገልጻል። «ኤሎፕመንት» ደግሞ ያለ ተቆጣጣሪ ከቤት ወይም ከተቋም መውጣት ነው፤ አማርኛው «ኮበለለ» ልክ ይገጥመዋል። ስለዚህ ቅጹ «ቤት ውስጥ ይዘዋወራሉ፣ እስካሁን ግን የመውጣት አዝማሚያ አላሳዩም» እያለሽ ነው። ይህ ግን ዛሬ አይወጡም ማለት አይደለም።

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
አመሰግናለሁ። ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ተቋም አይደለም፣ የራሳቸው ቤት ነው፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ደወልም የለም። ክፍላቸውን ቆልፌ ብተኛስ?

ነርስ (ቨርጂኒያ)
በፍጹም! እሳት ቢነሣ በምን ይወጣሉ? ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ከሆነ የተቀጠርሽው ነቅተሽ እንድትጠብቂ ነው ወይስ እዚያው እንድታድሪ? ኤጀንሲሽን ጠይቂ። ሲነሡ አትሟገቻቸው፣ ክንዳቸውንም አትጎትቺ፤ አብረሻቸው ሂጂ፣ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። ከዓይንሽ ከተሰወሩ ቤቱንና ግቢውን ወዲያው ፈልጊ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካላገኘሻቸው 911 ደውለሽ የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ንገሪ። ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆኑ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ፈልጊ፤ ብዙዎች ወደሚቀናቸው እጅ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

የበር ደወል
ደወሉ ርካሽ ነው፣ በባትሪ ይሠራል። አሁንም እላለሁ፣ ደወል ይገጠም።

የሌሊት ፈረቃ
ስለ ሪፖርቱ ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ ዋንደር አደረጉ ብለሽ አትጻፊ፤ ያ የአንቺ ፍርድ ነው፣ ለሚቀጥለው ተረኛም ምንም አይነግረውም። ያየሽውን ጻፊ፦ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ ከየት ወደ የት ሄዱ፣ ምን አሉ፣ ምን አደረግሽላቸው፣ መቼ ተመለሱ። ለምሳሌ «2፡10 ላይ ከአልጋ ተነሡ፣ ወደ ማእድ ቤት ሄዱ፣ እናቴ የት አለች አሉ፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ 2፡35 ላይ ተኙ»። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር አድርጊው! በእኛ ልማድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብለሽ 8 ከጻፍሽ ጠዋት ሆነ ማለት ነው።

የቋንቋ መምህር
በቃሉ መጠቀም የግድ ከሆነ ፊደሉን ይጠንቀቁ። ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ «ኤ» ያለው (wander) መዘዋወር ነው፤ «ኦ» ያለው (wonder) ግን መደነቅ ወይም በጉጉት ማሰብ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ትክክል ብሎ ያሳልፋቸዋል።

አዲስ አባል
እኔም እንዲህ ዓይነት ቅጽ ተሰጥቶኛል፤ ሁለቱም ሳጥኖች ግን ባዶ ናቸው። ቤተሰብን ልጠይቅ ወይስ ዕቅዱን ያዘጋጀችውን ነርስ? ነገ ነው የምጀምረው።