ሊቲየም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚነካው ምንድን ነው?

ጥያቄ (ታናሽ ወንድም)

ታላቅ እህቴ የባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ ባለፈ መነቃቃትና በድብርት መካከል የሚዋዥቅበት) እንዳለባት ከታወቀ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሊቲየም ትወስዳለች፣ በደሟ ያለው የመድኃኒቱ መጠንም በየጥቂት ወሩ ይለካል። ሐኪሟ «ስሜትን ያረጋጋል» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልሰጡንም። ኬሚስትሪ ስለተማርኩ ነገሩ ይበልጥ ያስገርመኛል፤ ሊቲየም እንደ ሌሎች መድኃኒቶች የተወሳሰበ ሞለኪውል ሳይሆን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛው ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ሕዋስ ውስጥ ምን ቢነካ ነው ስሜትን የሚገራው? ውጤቱስ በሰዓታት ሳይሆን ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ የሚታየው ለምንድን ነው? እህቴ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ስለማትቀምስ፣ ይህ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጭ እንደሆነም ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ፋርማሲስቱ)

ወንድሜ፣ ቁልፉ ያለው በዚያው በቀላልነቱ ላይ ነው። የሊቲየም አዮን በስፋቱ ከማግኒዚየም አዮን ጋር ስለሚቀራረብ፣ በማግኒዚየም ርዳታ የሚሠሩ አንዳንድ ኢንዛይሞች (የሕዋስን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ላይ ቦታውን ይሻማዋል። በብዛት ከተጠኑት አንዱ ኢኖሲቶል ሞኖፎስፋቴዝ ሲሆን፣ ሕዋሱ ከውጭ የመጣለትን መልእክት ወደ ውስጥ ለማስተላለፍ የሚጠቀምበትን ኢኖሲቶል መልሶ ያዘጋጃል፤ ይህ ኢንዛይም ሲገታ ከልክ ያለፈው ምልክት ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታሰባል። ሌላው ጂኤስኬ-3 የተባለው ነው፤ ሊቲየም እንደሚገታው እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። ይህ ኢንዛይም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ የትኞቹ ጂኖች እንደሚነበቡ ስለሚወስን፣ የመገታቱ ውጤት የሚታየው አዳዲስ ፕሮቲኖች ከተሠሩ በኋላ ነው፤ መዘግየቱን እኔ የምረዳው በዋናነት በዚህ ነው። ከሁለቱ ለሕመሙ ወሳኙ የትኛው እንደሆነ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ መድኃኒቱ ማኒያን፣ ማለትም ከልክ ያለፈውን መነቃቃት፣ እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ1949 ሲያሳትሙ፣ እነዚህን ኢንዛይሞች በተመለከተ የታወቀ ነገር አልነበረም።

መልስ (ቤተ ሙከራ የምሠራ)

ከላይ ባለው ላይ አንድ ልጨምር። በካሊፎርኒያ የሳልክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስድስት የባይፖላር ታማሚዎች የተወሰዱ የቆዳ ሕዋሶችን ወደ ግንድ ሕዋስ (ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን ወደሚችል)፣ ከዚያም ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉትን ወደሚመስሉ የነርቭ ሕዋሶች ቀየሯቸው። እነዚህ ነርቮች ከጤናማ ሰዎች ከተወሰዱት ይልቅ በቀላሉ ይነሣሡ ነበር። ይበልጥ የደነቀኝ ግን ሊቲየም ያረጋጋው በሕይወታቸው ለሊቲየም ምላሽ የሰጡትን ታማሚዎች ነርቮች ብቻ መሆኑ ነው፤ የሌሎቹ በቤተ ሙከራው ሳህን ውስጥም አልበረዱም። ስለዚህ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚል ታማሚ ጉድለቱ የእሱ ነው ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ ልዩነቱ ሕዋሱ ድረስ ሊወርድ ይችላል። የታማሚዎቹ ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ግን አይዘንጋ።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ። ኩላሊት ሊቲየምን ከሶዲየም ብዙም አይለየውም፤ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ሶዲየምን ለማስቀረት ሲታገል ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ይጨምራል። በዚያ ላይ ሊቲየም በሶዲየም በር በኩል ወደ ኩላሊት ሕዋሶች ገብቶ አኳፖሪን-2 የተባለውን የውኃ መተላለፊያ ስለሚቀንስ፣ ብዙ ታማሚዎች ቶሎ ቶሎ ይሸናሉ፣ ይጠማቸዋልም። እንዲህ ውኃ የሚያፈስ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጣ ሲውል አደጋው ይደራረባል። መድኃኒቱ የሚረዳበትና የሚመርዝበት መጠን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። እህትዎ ጾሙን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱን በራሳቸው አያቋርጡ። እጃቸው በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስታወካቸው ወይም መራመድ ካቃታቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳይክሎፌናኩን አላሰብኩትም ነበር፤ ለወገቧ ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ትወስዳለች። የደም ምርመራዋ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ክኒኑን ውጣ ትሂድ ወይስ ሳትውጥ?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

የጠዋቱን ሳይውጡ ይሂዱ። ደሙ መቀዳት ያለበት ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ዳይክሎፌናክ እንደሚወስዱም ለሐኪማቸው ይንገሩ።