ተፎካካሪ በድርጅታችን ስም ጉግል ላይ እየተጫረተ ነው፤ እኛስ በገዛ ስማችን እንክፈል?

ሄለን (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴ ጋር ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አነስተኛ የጉዞ ወኪል አለን፤ በብዛት የምንሸጠው የአዲስ አበባ ትኬት ነው። ሰሞኑን የድርጅታችንን ስም ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የሌላ ወኪል ማስታወቂያ ነው፤ የእኛ ድረ ገጽ ከሥሩ ይመጣል። አንዲት እናት ወደ እኛ የደወሉ መስሏቸው ከእነሱ ትኬት ቆርጠዋል። ማስታወቂያው ላይ ስማችን አልተጻፈም። ጉግል ይህን ያስቆምልናል? ወይስ እኛም እንጫረት? ባለቤቴ «የራሳችንን ስም በገንዘብ አንገዛም» ብሏል። ጠቅላላ የማስታወቂያ በጀታችን በወር 600 ዶላር ነው።

ዮናስ፦ እህቴ፣ ስማችሁን ቁልፍ ቃል (ሰው ሲፈልገው ማስታወቂያውን የሚያስወጣ ቃል) አድርጎ መጫረት ሌላ፣ ማስታወቂያው ውስጥ መጻፍ ሌላ ነው። የንግድ ምልክታችሁ የተመዘገበ ቢሆንም ጉግል ቁልፍ ቃሉን አያግድላችሁም። አቤቱታ የሚቀበለው ስማችሁ በማስታወቂያው ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ነው።

ፍርድ ቤቶችም የሚያዩት ደንበኛው ተምታቶበታል ወይ የሚለውን ነው። አሪዞና ውስጥ ሌርነር ኤንድ ሮው የተባለ የጠበቆች ድርጅት በስሙ የሚጫረት ተፎካካሪውን ከሶ በ2024 በ9ኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተረታ። የተፎካካሪው ማስታወቂያ ከታየባቸው 109,322 ፍለጋዎች አንጻር፣ የከሳሹን ስም እየጠሩ ወደ ተፎካካሪው የደወሉት 236 ብቻ ነበሩ፤ ማስታወቂያውም የማን እንደሆነ በግልጽ ይናገር ነበር። ስለዚህ የእኚያን እናት ነገር ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ መዝግቡት፣ የማስታወቂያውንም ስክሪንሾት ያዙ፤ ግን በእሱ ብቻ ክስ አትጀምሩ።

ስሙ ካልተመዘገበ ግን አስመዝግቡት። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መሠረታዊ ክፍያ ለአንድ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ዘርፍ 350 ዶላር ነው። ስማችሁ «አዲስ» እና «ትራቭል» ብቻ ዓይነት ከሆነ መርማሪው «ይህ ሥራውን የሚገልጽ ቃል ነው» ብሎ ሊመልስባችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ዳዊት፦ ሥራዬ ይኸው የጉግል ማስታወቂያ ነው። የባለቤትሽ ንዴት ይገባኛል፤ ሆኖም ስማችሁ ከሌላው ቁልፍ ቃል ሁሉ ሳይረክስላችሁ አይቀርም። ጉግል የሚያየው የተጫረታችሁበትን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያውና ድረ ገጹ ሰውየው ከፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙም ይመዝናል። ስማችሁን ለጻፈ ሰው ከእናንተ ገጽ የበለጠ የሚገጥም የለም። ለእነሱ ግን ያው ቃል ይወደዳል።

ለስማችሁ የብቻው ካምፔይን (የራሱ በጀት ያለው የማስታወቂያ ዘመቻ) ክፈቱለት፤ በቀን 3 ዶላር ይበቃል፤ ኤግዛክት ማች አድርጉት፤ ማለትም ማስታወቂያው ስማችሁን ራሱን ለጻፈ ሰው ብቻ ይውጣ። ከዚያ ኦክሽን ኢንሳይትስ የሚለውን ሪፖርት ተመልከቱ፤ በዚያ ቃል ማን አብሯችሁ እንደሚጫረት፣ ምን ያህል ጊዜስ ከእናንተ በላይ እንደሚወጣ ያሳያል። ራሳችሁ ካልተጫረታችሁ ሪፖርቱ አይገኝም።

የእኛ ሰው ስም የሚጽፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ ይህ ላይ አትቸኩሉ። «ፀ»ን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ-ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል፤ በግዕዝ ፊደል የሚፈልግም አለ። ሰርች ተርምስ ሪፖርት (ሰዎች ጽፈው የፈለጉትን ቃል የሚያሳየው) ውስጥ ያገኛችሁትን አጻጻፍ ሁሉ ጨምሩ። ስማችሁን ከሌሎቹ ካምፔይኖች በኔጋቲቭ ኪወርድ (ማስታወቂያው እንዳይወጣበት በሚከለከል ቃል) አስወጡት። ይህ ካልተደረገ ማስታወቂያ የሚሠራላችሁ ሰው በስማችሁ የመጣውን ደንበኛ ከሌላው ጋር ደባልቆ «ውጤቱ ግሩም ነው» ይላችኋል፤ እነዚያ ሰዎች ግን መጀመሪያውኑ እናንተን ሲፈልጉ የነበሩ ናቸው።

ሣራ ከሲያትል፦ እኔ በጭፍን ክፈሉ አልልም። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ በ2012 በስሙ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ያሁና ኤምኤስኤን በተባሉት የፍለጋ ገጾች ላይ ሲያቋርጥ፣ ከቀረው ክሊክ 99.5 በመቶው በነጻው ውጤት በኩል ተመልሶ መጥቶለታል። እርግጥ ኢቤይን የማያውቅ የለም፤ እናንተን ደግሞ የሚሻማችሁ ሰው አለ። ስለዚህ ሞክሩት፦ የስማችሁን ማስታወቂያ ሜሪላንድ ላይ አውጡ፣ ቨርጂኒያ ላይ ተዉት፤ ከዚያ ከሁለቱ ግዛቶች የመጣውን ጠቅላላ ጥሪ በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩ። የማስታወቂያውን ክሊክ ብቻ አትቁጠሩ። ተፎካካሪው በስማችሁ መጫረቱን ከተወ እናንተም አቁሙ።

ሄለን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ደግሞ አሁን «እኛም በእነሱ ስም እንጫረት» እያለ ነው። ወይስ ደውለን እንነጋገር?

ዳዊት፦ በእነሱ ስም አትግቡ። በ600 ዶላር የምትገዙት ውድ ክሊክ ነው፤ የሚመጣውም እነሱን ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። መደወሉ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ አይደለም፤ ብሮድ ማች (ተቀራራቢ ፍለጋዎችን ሁሉ የሚያካትት ምርጫ) ወይም ፐርፎርማንስ ማክስ (ጉግል ራሱ የሚመራው ካምፔይን) ስማችሁን በራሱ ጎትቶ ያስገባዋል። ስማችሁን በኔጋቲቭ ኪወርድ እንዲያስወጡ በትሕትና ጠይቋቸው።

ዮናስ፦ ጠይቁ፣ ግን «እናንተ በእኛ፣ እኛም በእናንተ ስም አንጫረትም» የሚል ውል አትፈራረሙ። እንዲህ ያሉ ስምምነቶች 1-800 ኮንታክትስ የተባለውን የኮንታክት ሌንስ ሻጭ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ጋር ለዓመታት አካሰዋል። ኩባንያው በ2021 በይግባኝ ቢያሸንፍም፣ ያንን ወጪ የምትችሉት አይደለም።

ሣራ ከሲያትል፦ ማስታወቂያችሁ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ እንዲታይ አድርጉ፤ የሥራ ሰዓታችሁንም ሙሉበት። እንደ እኚያ እናት ያሉ ደንበኞች ድረ ገጽ ሳይከፍቱ በቀጥታ ነው የሚደውሉት።