የቺቭኒንግ የአመራር ጥያቄ ወጥሮ ይዞኛል፣ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ የሚለው አያሳስበኝም፤ አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ ከዚያ በላይ ሠርቻለሁ። ሦስቱንም ኮርሶች መርጫለሁ። የቸገረኝ ስለ አመራር ጻፉ የሚለው ነው። እኔ እኮ የማንም አለቃ ሆኜ አላውቅም!

ያለኝ ታሪክ ይሄ ነው። ጤና ጣቢያችን መብራት ሲጠፋ የክትባት ፍሪጁ ሙቀት ለክትባት ከሚፈቀደው 8 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ኃላፊው «በጀት የለም» አሉ። እኔ ጎረቤታችን ያለውን የወፍጮ ቤት ባለቤት ለምኜ፣ ባልደረቦቼን አስተባብሬ ነዳጅ አዋጣንና ከጄኔሬተራቸው መስመር ሳብን። የሙቀት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይሄ አመራር ይባላል? ወይስ «ጎበዝ ሠራተኛ ናት» ብለው ያልፉኛል? ጓደኛዬ «የማኅበር ሊቀመንበር ነበርኩ በይ» ትለኛለች። ውሸት አልጽፍም፤ ደግሞም ኢንተርቪው ላይ ያፋጥጡኛል። ሌላው፣ ለኔትወርኪንግ (ከሰዎች ጋር ግንኙነት ስለመፍጠር) ጥያቄውም ይሄንኑ ታሪክ ብደግመው ነጥብ ያስቀንሰኛል?

ያለፋችሁም፣ ወድቃችሁ እንደገና የሞከራችሁም፣ እባካችሁ የመጀመሪያውን አንቀጽ በምን እንደጀመራችሁት ንገሩኝ።