ስካን የተደረገ መጽሐፍ በኮምፒውተር ስናነብ ገጹ እየጠፋብን ተቸገርን፤ የምታውቁ እርዱን

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አናታችንን አዙሮታል።

አባዬ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። የምንኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ወረቀት ላይ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ከተወ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪው ስለ ወሎ ታሪክ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ በፍላሽ ይዞለት መጣ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፣ 412 ገጽ። ኮምፒውተሩ ላይ አጉልተን ስንከፍትለት ደስታው ልክ አልነበረውም። ያን ቀን እራት እንኳ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው የበላው።

ችግሩ መገላበጡ ላይ ነው። አጉልተን ስለምንከፍተው አንዱን ገጽ ለመጨረስ የማውሷን ጎማ አምስት ስድስት ጊዜ ማሽከርከር አለበት። እጁ ደግሞ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ጎማዋ አንዴ ካመለጠችው ገጹ ወደ ታች ይነጉድና የት እንደነበረ ይጠፋዋል። ከዚያ «ነይማ እስቲ፣ ሰገሌ ላይ ነበርኩ» ብሎ ይጠራኛል። ማውጫው የሰገሌ ጦርነት ገጽ 231 ላይ ነው ይላል። እኔ ቁጥሩን ከላይ እያየሁ 231 ላይ ስደርስ ገጹ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሽቅብ ቁልቁል ስል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከሽፋኑ መጀመር ነው።

ወረቀት ቢሆን ስንደዶ ሰክቶበት ይተኛ ነበር። እዚህስ ምን ይደረጋል? ቀጥ ብሎ ወደሚፈልገው ገጽ መሄጃ፣ ካቆመበት መቀጠያ ዘዴ የምታውቁ ንገሩኝ። ብቻውን እንዲያነብ ነው የምፈልገው። እኔን ሲጠራ ይሳቀቃል፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

ኮምቦልቻ ጥገና

አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው።

መጀመሪያ ማውሷን ወደ ጎን አድርጊያት። 412 ገጽ በጎማ አይዘለቅም። ፒዲኤፉን በምን እንደምትከፍቱት አልነገርሽንም። በክሮም ወይም በኤጅ ከሆነ ከላይ የገጽ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ጠቅ አድርጊ፣ የምትፈልጊውን ቁጥር ጻፊና ኢንተር ምቺ። ቀጥ ብሎ ይወስድሻል። በአዶቤ ሪደር ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን (N) የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኚ ወደ የትኛው ገጽ ልሂድ ብሎ ይጠይቅሻል።

ለአባታችን ግን ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባለውን ጫኚላቸው። ነፃ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም አይንቀራፈፍም። እሱ ላይ ጂ (G) የሚለውን ቁልፍ ብቻ ተጭኖ ቁጥር መጻፍ ነው። ኤንን ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ገጽ፣ ፒ (P) የሚለውን ሲጫኑ ወደ ቀድሞው ገጽ ይሄዳል። ገጹ የቱንም ያህል ቢጎላ ይሠራል። ኮንትሮልና 2 ደግሞ ገጹን በስክሪኑ ስፋት ልክ ይዘረጋዋል። እንደዚያ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ግራና ቀኝ አይሸሽባቸውም።

አንድ ልንገርሽ። ከደንበኞቼ አንዱ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው። ኪቦርዳቸው ላይ ኤን ላይ ቀይ ፕላስተር፣ ፒ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩላቸው። ቀዩ ወደፊት፣ ነጩ ወደኋላ ነው አልኳቸው። ይኸው ዓመት ሞላቸው፣ ማውስ ነክተው አያውቁም።

ስለ መብራቱ፣ ሱማትራ ፋይሉን ዘግተሽ ስትከፍቺው ካቆምሽበት ገጽ ይጀምራል። አዶቤ ላይ ግን ራስሽ ነሽ የምታዥው። ኤዲት፣ ከዚያ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ዶክመንትስ ውስጥ ግቢና ሪስቶር ላስት ቪው የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ዴስክቶፕ ከሆነና ሳትዘጉት መብራት እልም ካለ ግን ሳይመዘግበው ሊቀር ይችላል። ለሻይ ሲነሱም ዘግተውት ቢነሱ ጥሩ ነው።

ጦሳ ግርጌ

ወንድሜ ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው። የማውጫውን ነገር ግን ዘለለው፣ ዋናው ችግር ደግሞ እሱ ነው። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት ስሠራ ስንት ዓመቴ። ተማሪ ሁሉ የሚናደደው በዚህ ነው።

ማውጫውም ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩም ልክ ነው። አቆጣጠራቸው ነው የተለያየው። ኮምፒውተሩ ሽፋኑን አንድ ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ የውስጥ ሽፋን አለ፣ ምስጋና አለ፣ መቅድም አለ፣ ማውጫው ራሱ አለ። እነዚህን መጽሐፉ ወይ በሀ፣ ለ፣ ሐ ወይ በግዕዝ ቁጥር ይቆጥራቸዋል፣ ወይ ጭራሽ አይቆጥራቸውም። መጽሐፉ «1» ብሎ የጻፈበት ገጽ ላይ ስትደርሺ ኮምፒውተሩ 15 ብሎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የትኛውንም ገጽ ክፈቺና ከታች የታተመውን ቁጥር እዪ። ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ያለውን እዪ። ልዩነቱን ያዢ። ልዩነቱ 14 ከሆነ ማውጫው 231 ሲልሽ 245 ብለሽ ትጽፊያለሽ። አለቀ።

ግን ተጠንቀቂ፣ የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ መሀሉ ላይ የፎቶ ገጾች ይኖሩታል። እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይታተምም። መጽሐፉ ይዘላቸዋል፣ ኮምፒውተሩ ይቆጥራቸዋል፣ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያድጋል። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ሁለቱን ገጽ ባንዴ ስካን ያደርጋል። እንደዚያ ከሆነ የኮምፒውተሩ አንድ ገጽ የመጽሐፉ ሁለት ገጽ ነው፣ የምትጽፊው ግማሹን ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ግን ስካን የሚያደርገው ሰው ነው። ፒዲኤፍ በፈረንጆቹ 1993 ሲወጣ ዋናው ነገሩ ሰነዱ የትም ኮምፒውተር ላይ ቢከፈት አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው። ገጹ ከቦታው አይነቃነቅም። ማይክሮሶፍት ወርድ እንደሱ አይደለም፣ ፎንቱ ሲቀየር ያንቺ ገጽ 20 እኔ ጋ 22 ይሆናል። ገጹ ቋሚ ከሆነ ደግሞ የምዕራፎቹን ርዕስ በጎን አስገብቶ፣ ሰው ርዕሱን ሲነካው ምዕራፉ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ቡክማርክ የሚሉት ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። 400 ገጽ ስካን አድርጎ ያችን መተው እኔን ያንገበግበኛል። ከሱ በኋላ መጽሐፉን የሚከፍተው ሁሉ ነው የሚለፋው።

የሐይቅ ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ! ሱማትራን ጫንኩለት። ጦሳ ግርጌ ያልከው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ልዩነቱ 14 ነው ብዬ 245 ጻፍኩ። የወጣው ግን ከታች 219 የታተመበት ገጽ ነው። ደነገጥኩ። ወደኋላ ሄጄ ስፈልግ ከገጽ 160 ቀጥሎ 12 ገጽ ሙሉ ፎቶ ነው፣ አንዱም ላይ ቁጥር የለም። 14 እና 12 ሲደመር 26። 257 ብዬ ጻፍኩ፣ ሰገሌ ወጣ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 የሚለውን ሲያይ አባዬ «ደረስን» አለ።

ከዚያ ወረቀት አምጪ አለና በራሱ እጅ ጻፈ። «እስከ 160 ድረስ 14 ጨምር፤ ከዚያ ወዲያ 26 ጨምር።» ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፎታል።

አሁን ሌላ ጥያቄ አመጣ። ስለ ሐይቅ የተጻፈውን ሁሉ ማግኘት ይፈልጋል። ኮንትሮልና ኤፍ ብዬ ሐይቅ ብጽፍ አንድም አላገኘም ይላል። ዓይናችን ስር ግን በትልቁ ተጽፏል። ምንድነው ነገሩ?

የወልድያ መምህር

የሐይቅ ልጅ፣ ለአባትሽ ከሙያ ልጃቸው ሰላምታ አድርሺልኝ።

ስካን የተደረገ ገጽ ለኮምፒውተሩ ፎቶ ነው። አንቺ ፊደል ታያለሽ፣ እሱ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነው የሚያየው። የሚፈለግ ጽሑፍ እንዲኖረው ፊደሉን ከምስል የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በጎግል ዶክስ መክፈት ነው፣ አማርኛ ያነባል። መጽሐፉ ትልቅ ስለሆነ በምዕራፍ በምዕራፍ ቆራርጠሽ ሞክሪው። ስህተት አያጣም፣ በተለይ የደበዘዘ ገጽ ላይ ለ እና ሰ ይምታታበታል። ለፍለጋ ግን ይበቃል።

ፊደሉ ከተነበበ በኋላም አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሐይቅ፣ ሃይቅ፣ ሀይቅ ለኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸሐፊው በየትኛው ሀ እንደጻፈው አታውቂም፣ ሦስቱንም ፈልጊ። ዓመትና አመት፣ ሠራዊትና ሰራዊት፣ ፀሐይና ጸሐይም ያው ነው። ተማሪዎቼ አንዱን ብቻ ፈልገው «የለም» ብለው ሲመጡብኝ ሁሌም የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ስካን ያልሆነ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ሆኖ ፍለጋ እምቢ የሚል ፋይልም አለ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዓመት፣ የምንጽፍባቸው ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል የአማርኛ ልብስ የሚያለብሱ ነበሩ። ለዓይን አማርኛ ነው፣ ውስጡ ግን እንግሊዝኛ ነው። ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ ስትለጥፊው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ከወጣ በዚህ እወቂው።

ላስታ ብራና

ዘግይቼ ገባሁ። ስንደዶ የሚለውን ሳነብ ግን ማለፍ አቃተኝ።

እኔ የብራና መጻሕፍት ፎቶ የሚነሡበት ሥራ ላይ ነኝ። አባቶች ብራናው ላይ ምን ያደርጉ እንደነበር አባትሽ ያውቁታል። በሚፈለገው ቅጠል ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰፉ ነበር። ቀይ ክር እዚህ ጋ፣ አረንጓዴ ክር እዚያ ጋ። ካህኑ የዕለቱን ምንባብ ሲፈልግ ቁጥር አይቆጥርም። ጣቱን በጠርዙ ያሳልፍና ክሩን ሲያገኝ ይገልጠዋል። ጨለማ ውስጥም ይሠራል። ዛሬም ያ ክር ያልተበጠሰባቸው መጻሕፍት አሉ። ፎቶ ሳነሣ ጓንት ባደረገ ጣቴ ስነካው ይሰማኛል።

የቁጥሩ ጣጣ እኛም ጋ አለ። ብራና የሚቆጠረው በቅጠል ነው፣ አንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባ አለው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ለምሳሌ፣ ተመራማሪ «ቅጠል 20፣ ጀርባ» ብሎ ከጻፈልሽ ኮምፒውተሩ ላይ 20 ብትይ አታገኚውም። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ከተነሣ 40ኛው አካባቢ ነው፣ ሽፋኑና ባዶው ቅጠል ከተቆጠሩም ትንሽ ወዲያ ትሄጃለሽ።

አሁን ወደ አባትሽ። ሱማትራ ላይ ክር መስፋት ይቻላል። የሚፈልጉት ገጽ ላይ ሆነው ኮንትሮልና ቢ (B) የሚሉትን ቁልፎች ይጫኑ። ስም ስጠው ይላል፣ በአማርኛ «ሰገሌ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ፌቨሪትስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ በስሙ ይቀመጣል፣ ሲነኩት ገጹ ይከፈታል። የፈለጉትን ያህል ክር መስፋት ይችላሉ። ሌላ ገጽ ለማየት ሄደው ወደነበሩበት መመለስ ከፈለጉ ደግሞ አልትንና የግራውን ቀስት መጫን ነው።

የሐይቅ ልጅ

ላስታ ብራና፣ ያንተን አንብቤለት ዝም ብሎ ቆየ። ልጅ ሆኖ ከአያቱ ጋር ደሴት ገዳሙ ሲሄድ እንደዚያ ዓይነት ክር እንዳየ ነገረኝ። እስከ ዛሬ አውርቶልኝ አያውቅም።

እስካሁን አምስት ክር ሰፍቷል፤ ሰገሌ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፣ አንዱን ደግሞ «የአባቴ አገር» ብሎታል። ፌቨሪትስ ማለት ትቶ «ክሮቹን ክፈቺልኝ» ነው የሚለኝ። ትናንት ማታ ጠራኝ፣ ገጽ ጠፍቶበት መስሎኝ ሮጥኩ። ስለ አያቱ ሰፈር የተጻፈ አንድ አንቀጽ አግኝቶ ሊያነብልኝ ነበር።

ፕላስተሩንም ለጥፌያለሁ። ጎግል ድራይቩን ቅዳሜ ኢንተርኔት ሲሻል በሦስተኛው ምዕራፍ እሞክረዋለሁ፣ የወጣውን እጽፍላችኋለሁ።