«አክሽን ነው እኮ» ማለት መልስ ነው እንዴ?

ሦስተኛ ረድፍ፦ ትናንት ስለተበላሹ አክሽን ፊልሞች ሳነሳ አንዱ «አክሽን ነው እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። እስካሁን አልተዋጠልኝም። ምን እጠብቃለሁ? ድብድቡን ማየት እጠብቃለሁ! ቴክን 3 የሚባለው ፊልም ላይ ተዋናዩ ሊያም ኒሰን የሽቦ አጥር ሲዘል አስታውሱ። አንዴ ከዚህ ጎን ያሳዩናል፣ አንዴ ከዚያ ጎን፣ ሳይጨርስ ደግሞ ከሌላ ጎን። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከደርዘን በላይ ቁርጥራጭ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየን አንድ አንድ ቅንጣቢ ምስል። መቼ እንደዘለለ ሳላይ ማዶ ተሻግሮ አገኘሁት። አንድ አጥር ነው እኮ!

ረጋ በሉ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። አክሽን ነው እኮ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ማታ ፊልም የምከፍተው ለፈተና አይደለም። አክተሩ እንደማይሞት ከመጀመሪያው ደቂቃ አውቀዋለሁ። መኪና ይገልበጥ፣ ሕንፃ ይፍረስ፣ ለእኔ ይበቃኛል። ደግሞ ኒሰን ያኔ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። እንደ ጎረምሳ እንዲዘልልህ ነው የፈለግከው?

ሦስተኛ ረድፍ፦ ዝለል ያለው ማነው? መዝለል ከከበደው በበሩ ይግባ። ታሪኩን ለሰውየው ዕድሜ መስፋት የጸሐፊው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቴክን ላይ ስልክ ይዞ ቁጭ ብሎ እንኳ ያስፈራ ነበር። እዚያ ምን ዘለለ?

ማርገጃ፦ እኔ ግን ቁርጥራጩ ላይ አልስማማም። ሁሉም ሰው ሾት በዛ፣ ሾት በዛ ይላል። እ.ኤ.አ. የ2015ቱን ማድ ማክስ ፊውሪ ሮድ ተመልከቱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 2,700 ገደማ ሾት አለው። ማን ማንን እንደመታ ጠፍቶህ ያውቃል? አይጠፋህም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ዋናው ነገር ሁልጊዜ መሀል ላይ እንዲሆን አድርጎ ነው ያስቀረጸው። ሾቱ ሲቀየር ዓይንህ ፍለጋ አይገባም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሰል ኦስካር የወሰደችበት ሥራ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የመቁረጥ ሳይሆን የት እንደሚቆርጡ አለማወቅ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ይሄን እቀበላለሁ። አባባሌን አስተካክላለሁ፤ ስለ ብዛቱ ሳይሆን ስለ መደበቁ ነው የምናገረው። ተዋናዩ ያልቻለውን ለመደበቅ ሲቆርጡ ያስታውቃል።

ረጋ በሉ፦ ለአንተ ያስታውቅሃል። ለእኔ አያስታውቀኝም። ታዲያ ማን ነው የተጎዳው?

የድሮ ካሴት፦ ረጋ በሉ፣ ወንድሜ፣ የተጎዳነው ሁላችንም ነን። «አክሽን ነው እኮ» ስላልን ነው እንዲህ የሚሠሩልን። እ.ኤ.አ. የ1988ቱን ዳይ ሃርድ አስታውስ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማክሌን ጫማ የለውም። መስታወት ላይ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ከዚያ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ስብርባሪውን ከእግሩ እየነቀለ በሬዲዮ ከፖሊሱ ጋር ያወራል። ጥይት የለም፣ ፍንዳታ የለም። እኔ ግን የራሴ እግር ነው የሚያመኝ። ከዚያ በኋላ ሲሮጥ እያንዳንዷ እርምጃ ታስጨንቀኛለች። በ2013 የወጣው አምስተኛው ክፍል ላይስ? ያው ማክሌን ከሕንፃ ዘሎ ይወድቃል፣ ልብሱን አራግፎ ይሄዳል። አያመውም። እሱን ካላመመው እኔ ለምን እጨነቃለሁ?

ማርገጃ፦ ድሮ የተሠራው ሁሉ ወርቅ ነበር ልትለን ነው? በሰማንያዎቹ ውስጥም ጥይቱ የማያልቅበት ጠመንጃ ይዞ ብቻውን አንድ ጦር የሚጨርስ ስንት አክተር ነበር። እነሱንም አያማቸውም ነበር። የምታስታውሰው ጥሩውን ብቻ ስለሆነ ነው።

የድሮ ካሴት፦ ሁሉም ጥሩ ነበር አላልኩም። አንድ ፊልም ከራሱ ተከታይ ክፍል ጋር ነው ያወዳደርኩት። ያው ስም፣ ያው ተዋናይ። ቃሌን አታጣምሚብኝ እህቴ።

ጸጥታ፦ እናንተ ስለ ሕመም ስታወሩ ቶም ክሩዝን ረሳችሁት። ሚሽን ኢምፖሲብል ፎልአውት ሲቀረጽ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። ያቺ ሾት ፊልሙ ውስጥ አለች። እያነከሰ ይቀጥላል። ሥራ ማለት እሱ ነው።

ረጋ በሉ፦ እግር ስለተሰበረ ፊልም ይደነቃል? እንዲህ ከሆነ ከሆስፒታል ወረቀት ጋር ይሸጡልን።

ጸጥታ፦ የሰው ልጅ ሥጋውን አስይዞ የሠራውን እንዲህ ማቃለል ደግ አይደለም። ስንት የስታንት ሠራተኛ፣ በተዋናዩ ፋንታ አደገኛውን የሚሠራ ሰው፣ ስሙ ሳይነሳ ተጎድቷል። ኦስካር እንኳ ለእነሱ ሽልማት እንደሚጀምር ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ እሱም ከ2027 ፊልሞች ጀምሮ። ስንት ዓመት ሙሉ ሜካፕ ሲሸለም እነሱ ቆመው አዩ።

ረጋ በሉ፦ ሠራተኞቹን አላቃለልኩም። ይቅርታ፣ እንደዚያ ከተሰማሽ። ያልኩት ተመልካች በመከራቸው መጠን አይደሰትም ነው።

ማርገጃ፦ እዚህ ላይ ከረጋ በሉ ጋር ነኝ። ማንም ሳይጎዳ ጥሩ ትዕይንት መሥራት ይቻላል። ጆን ዊክን የሠራው ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ ስታንት ነበር፣ ማትሪክስ ላይ የዋናው ተዋናይ የኪያኑ ሪቭስ ምትክ። እንቅስቃሴውን ስለሚያውቀው ካሜራውን ወደኋላ ያርቃል፣ እኛም ከእግር እስከ ራስ እናያለን። የሚያኮራው ልምምዱ ነው፣ ስብራቱ አይደለም።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ወሬው ወደ ሽልማት ሄደ። እኔ የጠየቅኩት አልተመለሰልኝም። ረጋ በሉ፣ ኮሜዲ አይተህ ባትስቅ «ኮሜዲ ነው እኮ» ትላለህ? አስፈሪ ፊልም ባያስፈራህስ? አክሽን ላይ ሲሆን ብቻ ለምንድነው ዝቅ አድርገህ የምትጠብቀው?

ረጋ በሉ፦ ባልስቅ አልልም። ግን አክሽን ላይ አልተሰላቸሁም እያልኩህ ነው። ቴክን 3ን እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ወደድኩት።

የድሮ ካሴት፦ የትኛውን ትዕይንት?

ረጋ በሉ፦ አንድ የመኪና ማሳደድ ነበረው። ከዚያ ደግሞ ተኩስ።

ሦስተኛ ረድፍ፦ አጥሩንስ?

ረጋ በሉ፦ አጥር መኖሩንም አላስታውስም።

ሦስተኛ ረድፍ፦ እኔም ስጮህ የነበረው ለዚሁ ነው!

ረጋ በሉ፦ ለእኔ ግን ስላላስታወስኩት ማታዬ አልተበላሸም። ቀጣይ ክፍል ቢወጣም አያለሁ።

የድሮ ካሴት፦ እየው። እኔ የመታጠቢያ ክፍሉን ትዕይንት ልደግመው ነው።