አጥንት የሚያጸዱት ጥንዚዛዎች እየሞቱብኝ ነው፤ እባካችሁ ዛሬውኑ ድረሱልኝ

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦
ለማስተማሪያ የሚሆኑ የፍልፈልና የአይጥ ራስ ቅሎችን የማጸዳባቸው የደርመስቲድ ጥንዚዛዎች ከትናንት ጀምሮ እየረገፉ ነው። እጮቹ ሥጋውን ትተው ከጥጡ ሥር ተሸሽገዋል፤ ከሳጥኑ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ በጥንዚዛዎቹ ሆድና እግር ላይም ዱቄት የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። በግማሽ የተበላ የፍልፈል ቅል ውስጡ ስላለ ምን ላድርግ?

የስብስብ ጠባቂ፦
ከሁሉ አስቀድሞ ሳጥኑ የት እንደተቀመጠ ሊነግሩን ይገባል። ደርመስቲስ ማኩላተስ የተባለው ይህ ጥንዚዛ በመጋዘን የተከማቸ ቆዳና የደረቀ ዓሣ የሚያበላሽ ተባይ በመሆኑ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ከስብስባቸው አርቀው በተለየ ክፍል፣ አንዳንዶቹም በተለየ ሕንፃ ያኖሩታል። ሌጦ፣ ላባ ወይም የደረቁ ነፍሳት ባሉበት ክፍል ከሆነ የያዙት፣ ስለሚሞቱት ሳይሆን ስለሚያመልጡት ይጨነቁ።

ዳዊት፦
ፍሊት ቢነፉበት ነጫጮቹ ይጠፋሉ።

ሐረገወይን፦
ወንድሜ፣ ፍሊት ጥንዚዛዎቹንም ይጨርሳል። ለመሆኑ ነጫጮቹ አዲስ የተፈለፈሉ እጮች እንዳልሆኑ በምን አረጋገጡ?

ጠያቂ፦
እጭ ቢሆኑ ጠጉር ይኖራቸው ነበር፤ እነዚህ ልሙጥ ናቸው፣ በጥንዚዛው መገጣጠሚያዎች ላይም ተጣብቀዋል። ሳጥኑ ብቻውን በዕቃ ቤት ነው ያለው። ቅሉ ከፍሪዘር እንደወጣ ነው የገባው፤ ጥጡንም በየማለዳው ውኃ እረጭበታለሁ።

የድሬዳዋው፦
ሥጋ የተዉት የፍልሰታን ጾም ይዘው ከሆነ ነሐሴ 16 ይፈታሉ። እኛ ዘንድ ግን በሙቀቱ ምክንያት ያለ ማሞቂያ ይረባሉ፤ የአዲስ አበባ ክረምት ብርድና እርጥበት ለእነርሱ አይሆንም። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያድርጉላቸው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጥንዚዛዎቹ መብረር ስለሚጀምሩ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ይሁን።

ሐረገወይን፦
እንግዲያው ነጫጮቹ ማይት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ ያመጣቸውም ውኃው ነው። ዛሬ ማታ ቅሉን አውጥተው ለጥቂት ቀናት ወደ ፍሪዘር ይመልሱት። ከዚያ እጮቹንና ጥንዚዛዎቹን በደቃቅ ወንፊት በቀስታ ያበጥሩ፤ ማይቶቹ አብዛኞቹ ከብናኙ ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ትልልቆቹ ከላይ ይቀራሉ። ንጹሕና ደረቅ ሳጥን ውስጥ አዲስ ጥጥ አንጥፈው ያስገቧቸው፤ አሮጌውን ጥጥና ብናኝ ግን ሳያቃጥሉ አይጣሉ። አብዛኛውን ሥጋ የሚበሉት እጮቹ ስለሆኑ ጥንዚዛዎቹ ቢያልቁ እንኳ ተስፋ አይቁረጡ። ወደ ጥንዚዛነት ለመለወጥ የደረሱ እጮች የሚቦረቡሩት ቁራጭ ፎም ይጨምሩላቸው፤ መሸሸጊያ ካጡ በመለወጥ ላይ ያሉትን ሌሎቹ ይበሏቸዋል።

ዮናስ፦
ለአንድ ቅል ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? ቀቅሎ መፋቅ ይበቃል።

የስብስብ ጠባቂ፦
ለበሬ ቅል ያስኬድ ይሆናል፤ በአይጥ ቅል ላይ ግን የአጥንቶቹ መጋጠሚያ ስፌት ይላቀቃል፣ ጥርሶቹ ይረግፋሉ፣ ስቡም ወደ አጥንቱ ይሰርጋል። በውኃ ዘፍዝፎ ማበስበስም እነዚያን ስስ አጥንቶች ይበታትናቸዋል። ጥንዚዛው የአፍንጫን ቀጫጭን አጥንት ሳይነካ ሥጋውን ብቻ ስለሚያነሣ ነው ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው። ጠያቂው ወደፊት ቆዳውን ገፈው፣ አንጎሉን አውጥተው፣ ሥጋውን እንደ ቋንጣ እስኪደርቅ በነፋስ ያቆዩት፤ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ኬሚካል የተነከረ ሥጋም ፈጽሞ አይስጧቸው።

ዳዊት፦
ማሞቂያ ይግዙላቸው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋሉ።

ጠያቂ፦
ወንፊት ላይ ነኝ። መብራት ስለጠፋ ለሌሊቱ በሙቅ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ከሳጥኑ ውጭ ባስደግፍ ይበቃል?

የድሬዳዋው፦
ይበቃል፤ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፣ የአየር መግቢያውን ግን አይሸፍኑ። ጠርሙሶቹም ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፤ ውኃ ቢያንጠባጥቡ መልሶ ጥንዚዛዎቹን ያረጥባቸዋል።

ሐረገወይን፦
ቅሉ ሲያልቅ እንደገና ያቀዝቅዙት፣ በሳሙናማ ለብ ያለ ውኃ ስቡን ያውጡ፣ ማንጻቱ በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሁን። በረኪና አጥንቱን ስለሚያፈራርሰው አይንኩት።