ኬኦስ ቲዎሪ ላይ ተጣብቄያለሁ፤ እስቲ እርዱኝ

ሒሳብ የምታውቁ፣ ስለ ኬኦስ ቲዎሪ (ትንሽ የመነሻ ልዩነት በኋላ እንዴት ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣ ስለሚያጠናው ሒሳብ) እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ።

በ1961 እ.ኤ.አ. የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ የኮምፒውተር ስሌቱን ከመሃል ሲያስቀጥል 0.506127 የሚለውን 0.506 ብሎ አስገባ። ውጤቱ ቀስ በቀስ ጭራሽ ሌላ ሆነ። እኔም በኤክሴል ቀላሏን ቀመር ሞከርኩ፦ ቁጥሩን ከ1 ቀንሶ፣ ቀሪውን በዚያው በመነሻው ቁጥርና በ4 አባዝቶ፣ የተገኘውን መልሶ እያስገቡ መድገም። ከ0.3 እና ከ0.3001 የተነሱት ትንሽ አብረው ሄዱና ተለያዩ። ዕጣ የለበትም እኮ፣ ሁሉም በሕግ ነው! ደስ ይላል፤ ያስፈራልም።

ታዲያ ትንሿ ውሳኔዬም ሕይወቴን ትቀይራለች ማለት ነው? ወዴት እንደምትቀይር ካላወቅኩስ ምን ይጠቅመኛል? ለመሆኑ የሰው ሕይወት እንደዚያ ቀመር መሆኑን ማን አረጋገጠ? "ሁሉም ነገር የተያያዘ ነው" የሚለው መልስ ይቅርብኝ፣ ጠግቤዋለሁ። ሒሳቡ የት ድረስ እንደሚወስደኝ፣ ከየት ጀምሮ የራሴ ምኞት እንደሆነ የሚለይልኝ ሰው አለ? ካልኩለስ ትንሽ እችላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ቀስ ብላችሁ።